የአይ ረሂማ እንቅልፍ

ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ የቤታችንን የጣሪያ ደረጃ በአንድ ትንፋሽ ወጥቼው አላውቅም። ቤታችን ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ዳር ነው። ደረጃው ዐሥራ ሦስት እርከን አለው፤ አምስተኛው ላይ ስደርስ ቁጭ እላለሁ። ደረቴ ውስጥ የድመት ግልገል የተደበቀች ይመስል ሲር ሲር ይላል። በተለይ ለዒድ ግድግዳው ኖራ ሲቀባ፣ መደቡም በቀይ አፈር ሲታደስ አቧራው ያፍነኝና እናቴ ሙና አዝላኝ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ሆስፒታል ትሮጥ ነበር።

ከዚያ ክኒኑ መጣ። ሮዝ ነበር፤ የሚታኘክ፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚል። አዲሱ ከተማ ያለው ሐኪም አዘዘልኝ፤ እኛ ጋ ስለጠፋ የጭነት መኪና የሚነዳው አባቴ ፈይሰል ከጅጅጋ ገዝቶት መጣ። በየምሽቱ አንድ፣ ከመኝታ በፊት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። እናቴ ከታች ሆና ስታየኝ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

"አልሐምዱሊላህ! ይህን የሠራ እጅ አይንቀጥቀጥ!" አለች።

ስለዚህ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ሲመጣ፣ ቤታችን ውስጥ ማንም ያልጠረጠረው አንድ ነገር ቢኖር ያ ክኒን ነው።

የተጠረጠሩት አይ ረሂማ ናቸው። አይ በሐረሪ እናት ማለት ነው። እኔን ሳይሆን አባቴን ያሳደጉ፣ የአባቴ አክስት። ልጅ አልወለዱም። ከመደቡ በላይ ካለችው ቆጥ ውስጥ ይተኛሉ፤ ቀን ቀን በሩ ብርሃን ላይ ተቀምጠው ስፌት ይሰፋሉ። ፊደል አልቆጠሩም። የዐረብኛ ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ግን መሬት ወድቆ ካዩ አያልፉትም፤ ያነሱታል፣ ይስሙታል፣ ግንባራቸውን ያስነኩታል፣ ከዚያ እግር የማይረግጠው የድንጋይ ስንጥቅ ፈልገው ይሸጉጡታል። የሳሙና መጠቅለያም ይሁን የቴምር ካርቶን ለእሳቸው ልዩነት የለውም። የሰፈሩ ልጆች እያወቅን የብስኩት ወረቀት መንገዳቸው ላይ ጥለን እንሳሳቅባቸው ነበር።

አንድ ምሽት እናቴ ወጥ ቤት ሳለች አይ ረሂማ ከመሬት አንድ እጥፋት ወረቀት አነሱ። ሳሙት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በጥቁር ጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው፣ በክር አስረው፣ እኔ ከምተኛበት መደብ በላይ ካለው ስንጥቅ ውስጥ ከተቱት።

"ምንድን ነው አይ?"

"ይጠብቅሃል" አሉኝ። "ተኛ።"

በዚያ ሰሞን ነው እንቅልፌ የተበላሸው።

መጀመሪያ ሕልም ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የስፌት ሰሃኖች ዐይን ያወጣሉ፣ ኖራው እንደ ቆዳ ይላባል። ቆይቶ ሕልሙ ዐይኔን ስገልጥም አልሄድ አለ። ሰው እግሬ ሥር ይቀመጣል። ሻሹ የአይ ረሂማ ነው፣ ጉብ ብሎ አቀማመጡም የእሳቸው። ፊቱ ወደ እኔ ሲዞር ግን የሚያየኝ እንደሳቸው አይደለም። እጮሃለሁ። እናቴ መብራት ታበራለች። አይ ረሂማ ከቆጡ ደረጃ ላይ ቆመው "ምን ሆነ? ምን ሆነብኝ ልጁ?" ይላሉ። እኔ ደግሞ ሳያቸው ይብስብኛል።

እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች። "በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ አባትህን ያሳደጉ! እንዲህ አይባልም።"

"ግን እሳቸው ናቸው እማዬ።"

"ሕልም ነው።"

"ነቅቼም ነበሩ።"

ዝም አለች። ያ ዝምታዋ ይበልጥ አስፈራኝ። ትልቅ ሰው ዝም ካለ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ቀን ቀንም ሌላ ልጅ ሆንኩ። ቁርኣን ቤት የአጠገቤን ልጅ በሰሌዳ እንጨት ፈነከትኩት፤ ለምን ብባል ምክንያት አልነበረኝም። ምግብ ዘጋኝ። ያለ ነገር አለቅሳለሁ። እናቴ ግን በየምሽቱ ደረቴ ላይ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ሲር ሲሩ የለም። "ደረቱስ ንጹሕ ነው" ትላለች። ከዚያ ክኒኑን መዳፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች። እኔም አኝኬ እውጣለሁ፣ ጣፋጭ ነበራ።

ጎረቤታችን ናፊያ የእናቴ አፎቻ መሪ ነበረች፤ በሠርግም በሐዘንም የሚጠራሩትን የሰፈሩን ሴቶች የምታዝዝ፣ እሷ ሳትናገር ሠርግ የማይበላ፣ ለቅሶ የማይነሳ። ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ጫት ይዘው ሲቀመጡ እኔ መጋረጃው ሥር ተኝቼ እሰማቸዋለሁ።

"ልጅ ያልወጣላት ሴት የሰው ልጅ ስታይ ዐይኗ ምን ይመስልሻል?"

"ኧረ ተይ ናፊያ! የፈይሰል እናት ማለት እኮ ናቸው።"

"እኔ ምን አልኩ? ልጁ ደኅና ሆኖ ሲሮጥ አየችው። ከዚያ ወዲህ ነው ወይስ ከዚያ በፊት?"

እናቴ ስትቆጥር ተሰማኝ። "ከዚያ ወዲህ ነው" አለች ቀስ ብላ።

እውነቷን ነበር። መሮጥ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። መሮጥ የጀመርኩት ከክኒኑ ወዲህ መሆኑን ግን ሁለቱም አላሰቡትም። እኔም ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው ያሰብኩት።

አንድ ሐሙስ፣ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ጣሪያው ላይ ነበርኩ። ፀሐዩ ለስላሳ ነው፣ ከታች ባጃጅ መንገድ ዘግቶ ሰዎች ይሰዳደባሉ፤ "አህያህን አንሳ!" "አንተ ራስህ ይህን ባለ ሦስት እግር አህያህን አንሳ!" ይባባላሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ወደ ጫፉ ሄጄ ቆምኩ። ሳየው መንገዱ ቅርብ መሰለኝ፤ አልጋ መሰለኝ። ውረድ የሚል ነገር መጣብኝ። ድምፅ አልነበረም፤ ሐሳብ ነው፣ ግን የእኔ አይመስልም፣ ሰው አምጥቶ ራሴ ውስጥ ያስቀመጠው ዓይነት። አልፈራሁም። እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስፈራኝ ያ ነው፣ አለመፍራቴ።

አንድ እግሬ አየር ላይ ሳለ ከኋላ ኮሌታዬ ተያዘ።

ዞር ስል አይ ረሂማ ናቸው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። እነዚያ ሌሊት የማያቸው ዐይኖች በቀን ብርሃን አጠገቤ መጡ። ጮህኩ፣ ልላቀቃቸው ተወራጨሁ። እሳቸው ደግሞ አልለቅም አሉ። ሁለታችንም ጫፉ ላይ እየተናነቅን ሳለ ናፊያ ከጎረቤቱ ጣሪያ የምታሰጣውን በርበሬ ጥላ ብድግ አለች።

"ያ ረቢ! ልጁን ልትጥለው ነው! ሰዎች! ልትጥለው ነው!"

የሰፈሩ ሰው ግቢያችንን ሞላው። እናቴ ሁለቱን ጉንጮቼን በመዳፎቿ ያዘች።

"ቡሽራ፣ ዐይኔን እየኝ። ወደ ጫፉ ማን ወሰደህ?"

አልዋሸሁም። ዛሬም ቢሆን ዋሽቼ ነበር አልልም። የሌሊቱ ፊት የእሳቸው፣ የያዘኝ እጅ የእሳቸው። "አይ ረሂማ" አልኩ።

አይ ረሂማ ኮሌታዬን ይዞ የነበረውን እጃቸውን አዩት።

ሴቶቹ ቤቱን መፈተሽ ያዙ። የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ስንጥቁን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ናፊያ በእሳት መቆንጠጫ ያንን ጥቁር ጥቅልል ጎትታ አወጣችው። ሴቶቹ በአንድ ላይ ወደ ኋላ ተንፏቀቁ።

"ሲህር ነው፣ ድግምት" አለች አንዷ።

"ኧረ አይደለም!" አሉ አይ ረሂማ። "ከመሬት ያነሣሁት ወረቀት ነው። የአላህ ፊደል ስላለበት ነው፤ ኖራ እንዳይነካው ጠቀለልኩት እንጂ..."

"ምን ይላል?"

"እኔ ማንበብ አልችል። አንቺ ፍቺው፣ ቁርኣን ለሚያስቀሩት ለከቢሮቹ ውሰጂው፣ ያንብቡልሽ!"

"አይፈታም!" ናፊያ መቆንጠጫውን ከራሷ አራቀች። "በፈታው ሰው ላይ ነው የሚዞረው። ደግሞ አንቺ" አለች፤ እስከዚያ ቀን እርስዎ ስትላቸው የኖረች ሴት "አንቺ" አለቻቸው፤ "አንቺ ከዚህ ልጅ ራስ በላይ የማታነቢውን ነገር ለምን ታስቀምጫለሽ?"

አይ ረሂማ ወደ እናቴ ዞሩ። "ሙና?"

እናቴ አጥብቃ አቀፈችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጥቅልሉን ጨው ባለበት ውኃ ነክረው፣ ቁርኣን እየቀሩበት፣ ከኤረር በር ውጭ ቀበሩት። አባቴ በማግሥቱ ከመንገድ ገባ። ሴቶቹ ያሉትን ሰማ፣ እናቴን ሰማ፣ እኔን ጠየቀኝ፤ እኔም ደገምኩለት። ራት አልበላም። ጧት አይ ረሂማን ድሬ ጠያራ ገጠር ወዳለችው የእህታቸው ልጅ ወሰዳቸው። ሲወጡ የእጅ ፌስታል አንድ፣ ያላለቀ ስፌት አንድ ይዘው ነበር። ወደ እኔ አላዩም። ያን ጊዜ የጥፋተኛ ሰው ነገር ነው ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ተኛሁ። ልክ እንደ ሌላ ልጅ፣ እስከ ጧት። መብላት ጀመርኩ፤ በሰሌዳ የፈነከትኩትን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኩ። ናፊያ ለአፎቻው ሁሉ "አላልኳችሁም?" እያለች ዞረች። አባቴ ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ ወደ ጅጅጋ መንዳት ትቶ በአዳማ መስመር ገባ፤ ክኒኑም በዚያው አለቀ። ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠኝ። ደረጃው ላይ አንዳንዴ እንደገና እቀመጥ ጀመር። ያን ማንም ከምንም ጋር አላያያዘውም።

*

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ አሁን ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ በመስኮቱ ደመና አያለሁ። ብዙ ጓደኛ የለኝም።

ባለፈው ጥቅምት ባርኮት መጣች። ፊት ለፊታችን ያለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ስትናገር ሰው የምታጣድፍ ልጅ ናት።

"ቡሽራ ፈጠን በልልኝ፣ ሰው ሰልፍ ይዞ ነው የመጣሁት። በትልቁ ጻፍልኝ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። 'ሞንቴሉካስት የሚወስዱ ልጆች ላሏችሁ ወላጆች።' ጻፍክ?"

"ጻፍኩ።"

"'ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ፈጥናችሁ ለሐኪም ንገሩ። ከባድ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት። የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት። ያልነበረ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘን። ራስን የመጉዳት ሐሳብ።' ምነው ቆምክ?"

"ይሄ ክኒን ምን ዓይነት ነው?"

"ለአስም፣ ለአለርጂ የሚሰጠው ነዋ። የልጆቹ ይታኘካል።"

"ሮዝ?"

"አዎ፣ ሮዝም አለው። ምነው?"

"የወሰደው ሁሉ እንዲህ ይሆናል?"

"ኧረ በጭራሽ! ጥቂቱ ላይ ነው፤ ለስንቱ ልጅ ትንፋሽ ሆኗል። ብቻ ወላጅ ካላወቀ ክፉ ነው። ባለፈው አንዷ መጣች፣ ጂን ነው ብላ ልጇ ላይ አንድ ወር ሙሉ ቁርኣን ስታስቀራ ቆይታ። ክኒኑን ግን አንድም ማታ አላጓደለችም!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠች።

አንድ ቅጂ ለራሴ አተምኩ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ለእናቴ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር።

"ያ ክኒን ነው ነፍስህን ያተረፈው" አለች።

"ትንፋሼን አትርፏል፣ አዎ። ሌላውንም ያመጣው እሱ ነው።"

"ታዲያ እሳቸው ከቤት ሲወጡ አይደል እንዴ የተሻለህ?"

"ክኒኑም ያኔ ነው ያለቀው እማዬ።"

 መልቀሟን ቀጠለች፤ ምስሩን እየጣለች ጠጠሩን ሰሃን ላይ ታስቀምጥ ነበር።

በማግሥቱ ድሬ ጠያራ ወረድኩ። የእህታቸው ልጅ ሱመያ የማሽላ ገለባ ስትከምር አገኘኋት። ስሜን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፤ ግን እንግዳ ነኝና ውኃ ሰጠችኝ።

"ከኋላ ባለችው ክፍል ናቸው" አለችኝ። "ከመግባትህ በፊት ድምፅ አሰማ። ሕፃን አለመያዝህን ካላወቁ ፊታቸውን አይገልጡም።"

"ፊታቸውን?"

"ልጅ በሩ ላይ ካለ ይሸፈናሉ። አራት ወለድኩ፤ አንዱንም አላቀፉልኝም። ሌላም ነገር አለ፣ ራስህ ታየዋለህ።"

ገባሁ። አይ ረሂማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንሰዋል፤ ድምፄን ግን ወዲያው ለዩት። "ቡሽራ። ትንፋሽህ እንዴት ነው?" አሉኝ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያ ነበር። ከአልጋው የግርጌ እግር ላይ ረጅም ሻሽ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክኒኑን፣ ባርኮትን፣ ጣሪያውን። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። በመካከል እጃቸውን አነሱ።

"ያ ከመሬት ያነሣሁት እጥፋት ወረቀት፣ ከክኒንህ ሳጥን ነበር የወደቀው። ዐረብኛ ነበረበት። እሱም ይህንኑ ይል ኖሯል?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እንደዚያ ካለ መድኃኒት ሳጥን የሚወጣ ወረቀት ምን እንደሚል አሁን አውቃለሁ። ናፊያ በመቆንጠጫ ይዛው የነበረውን ነገር፣ ከኤረር በር ውጭ የቀበሩትን ነገር አሰብኩ። "ሳይል አይቀርም" አልኩ።

ዐይናቸው ወደተንጠለጠለው ሻሽ ሄደ።

"ለምን አልተከራከሩም አይ?" አልኳቸው። "እኔን ይዘው ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት። ለአባቴ እንኳ ለምን አልነገሩትም?"

"ምን ብዬ? አንተ አየሁዎት አልክ። ሕፃን ነህ፣ ለምን ትዋሻለህ? እኔ ዐይኔን ከጨፈንኩ በኋላ የት እንደምሄድ በምን አውቃለሁ?" ወደ ሻሹ በአገጫቸው አመለከቱ። "እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እግሬን አስሬ ነው የምተኛው። ብሄድም ይህን ጎትቼ አልሄድም ብዬ። ቋጠሮው ጧት እንዳለ ካገኘሁት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ማንንም አልጎዳሁም እላለሁ።"

ዐሥራ ሦስት ዓመት። 

ሱመያ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። ገብታ ትንሹን ልጇን፣ ገና ያልዳኸውን፣ ወደ ጭናቸው ዘረጋችው። "ይያዙት" አለች።  አይ ረሂማ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሊጥሉ አነሱት፣ ግማሽ መንገድ ላይ እጃቸውን አቆሙ። በጠርዙ በኩል ሕፃኑን አዩት።

"ዛሬ አይደለም" አሉ። "ዛሬ ሳልታሰር ልደር። ነገ ልጁ ደኅና ከተነሣ ስጪኝ።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ሻሹን ከአልጋው እግር ፈቱትና ለእኔ ሰጡኝ። "አንተ እዚህ እደር። ከተነሣሁ የሚያየኝ ሰው ይኑር።"

"አድራለሁ አይ።"

ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ስትጠጋ እንዳታስብ ብዬ ለእናቴ ደወልኩላት። የት እንደሆንኩ፣ የማድረውም እዚያው ክፍል ውስጥ መሆኑን ስነግራት ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ትንፋሿን ሰማሁ።

"ያነበብክልኝን ሳስብ ነው የዋልኩት" አለች። "ይቅር ይበሉኝ ትላለች በላቸው። ራሴ እመጣለሁ በላቸው።"

"እሺ እማዬ።"

"ብቻ ቡሽራ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አጠገቧ ሰው ያለ ይመስል። "ስትተኛ በሩን እንዳትዘጋው፣ የኔ ልጅ።"

ቀና ብዬ በሩን አየሁት። ገርበብ ብሏል። ስገባ እኔው ነኝ እንደዚያ የተውኩት። አይ ረሂማ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተጋድመዋል፤ ባዶው እግራቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ይታያል።

ተነሥቼ ዘጋሁት።